ግራ የገባው ግራ እጁን

ማስተማር በጀመርኩበት የመጀመሪያ ወር ራሴን እንደ ጎበዝ አስተማሪ ቆጥሬ ነበር። ለዚህ ያበቃችኝ «ገባን» የምትባል አንዲት ቃል ናት። ለሦስተኛ ክፍል ልጆቼ ስለ መደመርም ሆነ ስለ ግሥ የመጣልኝን ዘባርቄ ስጨርስ «ገባችሁ?» እላለሁ፤ እነሱም አፋቸውን ሞልተው፣ እየጎተቱ፣ በአንድ ዜማ «ገባን» ይሉኛል። ካዛንቺስ ውስጥ ከዚያች ክፍል የበለጠ ትምህርት የሚገባበት ቦታ ያለ አይመስለኝም ነበር። ታክሲ ልይዝ በእግሬ ወደ ስታዲየም ስወርድ ብቻዬን ፈገግ ስለምል መንገደኛው ዘወር እያለ ያየኝ ነበር።

ከዚያ የመጀመሪያውን ፈተና ሰጠሁ። አርሜ ስጨርስ አዲሱ ቀይ እስክሪብቶዬ ተሟጦ ነበር። በማግስቱ ተናድጄ ገባሁና፣ «ስጠይቃችሁ ገባን አላላችሁም?» ብዬ አፈጠጥኩባቸው። «ብለናል» አሉኝ፣ ሁሉም አንድ ላይ፣ በዚያችው ዜማ። ያን ጊዜ ነው የባነንኩት። «ገባን» ለካ መልስ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ብድግ ብለው «እንደምን አደሩ» እንደሚሉኝ ያለ የሰላምታ ዓይነት ነበር።

ሳምንታችን የራሱ መልክ ነበረው። ሰኞ ከሰንደቅ ዓላማ መልስ ጥፍርና ፀጉር አያለሁ፣ ረቡዕ የቃል ጽሕፈት አለ፣ ዓርብ ተረት የሚያወራ ተማሪ ይወጣል። ሁሉንም ትምህርት የማስተምረው እኔ ስለነበርኩ ጠዋት ሒሳብ ስል ያረፈድኩበት አፍ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ ይሆናል። አንድ ሰኞ ታዲያ ሁለቱም መጻሕፍት ሰዓት የሚባለው ምዕራፍ ላይ እኩል ደረሱ። ከብስኩት ካርቶን ክብ ሰዓት ቆርጬ፣ ሁለቱን ቆጣሪዎች ከአሮጌ ኮት በነቀልኩት ቁልፍ አያይዤ፣ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጌ ይዤ ገባሁ።

ጠዋት አጭሩን ቆጣሪ ሁለት ላይ፣ ረጅሙን አሥራ ሁለት ላይ አድርጌ ትምህርት የምንጀምረው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሁለት ሰዓት አሉ። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጠየቅኩና አጭሩን ቆጣሪ ወደ ስምንት ወሰድኩት። «ኤይት ኦ ክሎክ» በሉ አልኳቸው፤ አሉ። ገባችሁ? ገባን።

«እኔ አልገባኝም» አለች አንዲት ልጅ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ቀጭን ልጅ ናት። ሰፈራቸው ሲፈርስ ቤተሰቧ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል፤ አባቷ ግን ለገሃር አካባቢ ቢሮ ስለሚሠራ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይዟት ይመጣል። ከሁላችንም ቀድማ ስለምትደርስ ባዶ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ትጠብቀናለች። ምኑ እንዳልገባት ጠየቅኳት።

«ጠዋት ሁለት ላይ ነበር። አሁን ስምንት ላይ ሄደ። እኛ ግን የትም አልሄድንም።»

በእንግሊዝኛ እንደዚያ ነው አልኳት። ለምን አለችኝ። ደወል ተደወለ፤ የትምህርት ቤት ደወል እንደዚያ ቀን ወድጄ አላውቅም።

ያን ቀን ስታዲየም የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከጥያቄዋ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም። ሰዓትን በሁለት ቋንቋ ሳነብ ኖሬአለሁ፤ ስድስት እየደመርኩ፣ ስድስት እየቀነስኩ። ለምን እንደሆነ ጠይቄ ግን አላውቅም። አፈርኩ፣ ከዚያ ደግሞ ደስ አለኝ። ከአጠገባችን ያለውን ክፍል የሚያስተምሩትን፣ በነገር ሁሉ የማማክራቸውን አንጋፋ መምህር ጠየቅኳቸው። «ስድስት ደምሩ በያቸውና እለፊ» አሉኝ። ማለፍ ግን አልሆነልኝም።

ረቡዕ የቃል ጽሕፈቱን ተውኩና ልጆቹን ይዤ ግቢ ወጣሁ። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ትልቅ ሰዓት ሣልኩ። አንዱን ልጅ «እንግሊዝኛ»፣ አንዱን «አማርኛ» አልኩና ሁለቱንም አሥራ ሁለት ላይ አቆምኳቸው። እኩለ ሌሊት ነው አልኩ። አማርኛ ተኝቷል፤ ጭራሽ አንኮራፋልን። እንግሊዝኛ ግን በዚያ ጨለማ ተነሥቶ መቁጠር ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት እያለ ስድስት ላይ ደረሰ። ይኼኔ ፀሐይ ወጣች አልኩ። አማርኛ ዓይኑን እያሸ ተነሣና አንድ አለ፤ እንግሊዝኛ ሰባት። ሁለት፤ ስምንት። ልጆቹ ዙሪያውን ከበው እየዘለሉ አብረው ይቆጥራሉ፤ እኔም መዝለሌን ያወቅኩት ጫማዬ ሲወልቅ ነው።

ያቺ ልጅ ሳትዘል ሁለቱን ልጆች ትኩር ብላ አየች። «እነሱ እኛ ሳንነቃ መቁጠር ጀመሩ ማለት ነው» አለች። «አሁን ገባኝ።»

የወሩ «ገባን» ሁሉ ቢደመር ያን አንድ «ገባኝ» አይተካከለውም። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆነ። «አልገባኝም» የሚሉት በዙ። ቀስተ ደመና አልገባኝም፣ ክፍልፋይ አልገባኝም፣ የኔ ስም ለምን የወንድም የሴትም ይሆናል፣ አልገባኝም። ግማሹን እኔም አላውቀውም ነበር። የዓመቱን ዕቅድ ሳየው በሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ቀርቻለሁ፤ ግን ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ክፍል የምገባው እየሮጥኩ ነበር።

በዚህ መሀል ነው ርእሰ መምህሩ ጠርተው ዓርብ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሱፐርቫይዘር ገብተው እንደሚያዩኝ የነገሩኝ። የሙከራ ጊዜዬ እያለቀ ነበር። ቋሚ መሆኔና አለመሆኔ በዚያ ሪፖርት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሱፐርቫይዘር ፊት በየደቂቃው «አልገባኝም» የሚል ክፍል ይዤ ምን ልባል ነው?

አንጋፋው መምህር ሳቁብኝ። «በቃ፣ ቀላል እኮ ነው» አሉ። «ስትጠይቂ ሁሉም እጁን ያውጣ። የገባው ቀኝ እጁን፣ ግራ የገባው ግራ እጁን። አንቺ ቀኝ ቀኙን ትመርጫለሽ።»

ሐሙስ ልጆቹን አለማመድኳቸው። እንደ ጨዋታ ወደዱት። ሲወጡ ያቺ ልጅ ወደ ኋላ ቀረች።

«ቲቸር፣ ግራ እጄን ካወጣሁ አይጠይቁኝም?»

«ነገ ብቻ» አልኳት።

«ግን ያዩኛል?»

አይሻለሁ አልኳት። ቦርሳዋን አንግባ ወጣች፤ እኔም ካርቶን ሰዓቴን ማስተካከል ጀመርኩ።

ዓርብ ሱፐርቫይዘሯ መጥተው መጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ያደረጉ፣ መነጽራቸው በገመድ ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለ ትልቅ ሴትዮ ናቸው። ትምህርቱ ስለ «ተኩል» ነበር። ስጠይቅ የክፍሉ እጅ በሙሉ ብድግ ይላል፤ አንድም የተቀመጠ እጅ የለም። ቀኝ ቀኙን እየመረጥኩ በጠየቅኩ ቁጥር መልሱ ልክ ይመጣል። ሴትዮዋ ይጽፋሉ። ልቤ ከደስታ ብዛት ልትወጣ ደረሰች። በመጨረሻ ረጅሙን ቆጣሪ ስድስት ላይ፣ አጭሩን ሁለት ላይ አድርጌ ሁለት ሰዓት ተኩል መሆኑን አስነገርኩና «ገባችሁ?» አልኩ።

«ገባን» አሉ፣ በዚያች በድሮዋ ዜማ።

ያቺ ልጅ አላለችም። ግራ እጇን አውጥታለች። ስለደከማት በቀኟ ክርኗን ደግፋ ይዛዋለች፤ መቼ እንዳወጣችው አላውቅም። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። ሌሎቹ እጃቸውን አውርደዋል። አሁን ደብተር አውጡ ብል አለቀ፤ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ። ግን አይሻለሁ ብያታለሁ፣ አሁን ደግሞ እያየኋት ነው። አሁን ዝም ካልኳት ዳግመኛ እጇን እንደማታወጣ ታወቀኝ።

«ምኑ ነው ያልገባሽ?» አልኳት።

ብድግ አለች። «የግድግዳው ሰዓትም አሁን ሁለት ተኩል ነው። የሱ አጭሩ ቆጣሪ ግን ሁለትና ሦስት መሀል ነው። የቲቸር ሁለት ላይ ነው። የቱ ነው ልክ?»

ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሱፐርቫይዘሯም መነጽራቸውን አድርገው አዞሩ። እውነቷን ነው። ስንት ጊዜ ያየሁትን ሰዓት አላየሁትም ነበር። ፊቴ ጋለ።

«የግድግዳው ነው ልክ» አልኩ። «የኔ ስህተት ነው።» አጭሩን ቆጣሪ ገፋ አደረግኩት። ረጅሙ ግማሽ ዙር ሲሄድ አጭሩም የራሱን መንገድ ግማሽ እንደሚሄድ ያስረዳሁት እያስረዳሁ እየገባኝ ነው፤ ደስታው ድንጋጤዬን ዋጠው።

ከክፍል ስንወጣ ሴትዮዋ በረንዳው ላይ አስቆሙኝ።

«ቀኝና ግራ ነው አይደል?» አሉኝ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። «አትደንግጪ፣ እኔም ስንት ዓመት አስተምሬበታለሁ። ስትመርጪ እኔ ከኋላ ሆኜ ግራ ግራውን እቆጥር ነበር። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። አንቺስ ቆጥረሻቸዋል?»

«አልቆጠርኩም» አልኳቸው።

«ከሰኞ ጀምረሽ ቁጠሪ» አሉኝና ወረቀታቸውን አጥፈው ሄዱ። ሪፖርቱን ከሳምንታት በኋላ አየሁት፤ አስተማሪዋ ስህተቷን ተማሪዎች ፊት ታርማለች ይላል። ቋሚም ሆንኩ። ያን ጊዜ ግን አላወቅኩም፤ ቅዳሜና እሑድን የኖርኩት አሥራ ዘጠኝ እጅ እያየሁ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቀኝና ግራውን እንዳልተውኩት ነገርኳቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን የምመርጠው ግራ ግራውን ነው አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ግራ እጅ ክፍሉን ሞላው። ተነሥተው የማያውቁ ልጆች ተነሡ። አንዱን ሳስረዳ ሌላው «ቲቸር፣ ቲቸር» እያለ ጣቱን ያጮሃል። ደወሉ ሊደወል ጥቂት ሲቀረው ወደ መስኮቱ ዘወር ስል ያቺ ልጅ ኮስተር ብላለች።

«ቲቸር፣ ድሮ እኔ ብቻ ነበርኩ» አለችኝ። «አሁን ግን ተራ አጣሁ።»

ይኸው ተራሽ አልኳት። እጇን አወጣች፤ ሁለቱንም። ይኼ ደግሞ ምን ማለት ነው አልኳት።

«ግማሹ ገብቶኛል፣ ግማሹ ግራ ገብቶኛል።»