ቢጫ የቀባሁት ክንፍ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። በየዓቢይ ጾሙ ፊታቸው ቆሜ ቁጣዬን፣ ኩራቴን፣ በሰው ላይ የፈረድኩትን ሁሉ አንድ በአንድ እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። «ሌላስ አለ፣ ተሾመ?» ይሉኛል። «ይኸው ነው፣ አባቴ» እላለሁ። ሃያ ዓመት ገደማ እንዲህ ስል ኖሬአለሁ። ታዲያ ለማላውቃችሁ ለእናንተ መናገሩን እንዴት ደፈርኩ? አልደፈርኩም። ዝም ማለቱ ከመናገሩ የበለጠ ስላስፈራኝ ነው።

ሲያትል ውስጥ ያሉ የአገሬ ሰዎች እኔን የሚፈልጉኝ ለአንድ ነገር ነው፤ መርዶ ለመንገር። አንዷ አገር ቤት ሰው ሲሞትባት ወዳጅ ዘመድ ይጠራራና «ጋሼ ተሾመ ይንገሯት፤ እሳቸው አይርበተበቱም» ይላል። ለሥራ ሳትወጣ በማለዳ እንሄዳለን። በመስኮት አይታን እንዳትደነግጥ መኪናችንን ራቅ አድርገን ፓርክ እናደርጋለን። አንዷ ጓደኛዋ ቀድማ ትገባና ፌስቡክ ላይ እንዳታየው ስልኳን ትደብቃለች፤ ሌላው የመኪና ቁልፏን ያነሳል። ከዚያ እኔ እናገራለሁ። ጽኑ ሰው ነዎት ይሉኛል። ጽኑ አይደለሁም። አንድ መርዶ በሆዴ ይዤ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የሌላው መርዶ አይከብደኝም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አውሮፕላን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። እዚህ አገር እንደመጣሁ የአንድ አውሮፕላን መጠገኛ ሃንጋር ወለል እጠርግ ነበር። ሜካኒኮቹ የሚጥሏቸውን አሮጌ መጻሕፍት እያነሳሁ፣ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ አነበብኩ፤ በኋላም ፈተናውን አልፌ ሜካኒክ ሆንኩ። አለቃዬ ዴል ይባላል። ዴል በየሰመሩ፣ በረዶው ሲለቅ፣ ፈቃድ ወስዶ ወደ አላስካ ሰሜን ጫፍ፣ ዛፍ ወደማይበቅልበት ምድር ይሄድና ወድቀው የቀሩ አሮጌ አውሮፕላኖችን ማንነት ያጣራ ነበር። ሥራው ጨዋታ አይደለም። በዚያ ብርድ ብረት ቶሎ አይበላም፤ የጥንቱ ስብርባሪ ከላይ ሲያዩት ትናንት የወደቀ ይመስላል። የጠፋ ሰው የሚፈልጉ አብራሪዎች በእሱ እየተታለሉ ጊዜ ያባክናሉ። ስለዚህ ማንነቱ የታወቀውን ክንፉ ላይ በቢጫ ቀለም ትልቅ ኤክስ ያደርጉበታል። ትርጉሙ፦ ይህ ይታወቃል፣ ሰው የለበትም፣ እለፉ።

አንድ ሰመር ዴል እኔንም ይዞኝ ሄደ። ትንሽ አውሮፕላን ወንዝ ዳር ጠጠር ላይ አሳረፈችን። ዴል ጉልበቱን አሞት ስለነበር ከአብራሪው ጋር ቀረና ቀለሙን ለእኔ ሰጠኝ። «ከጉብታው ጀርባ ያለው የወታደር ነው፤ ሰዎቹ ያኔውኑ ተርፈው ወጥተዋል። ቁጥሩን አይተህ፣ ቀብተህ ና» አለኝ። ቀጥሎም «ድብ ካየህ እንዳትሮጥ» ብሎ ሳቀብኝ።

«ድብ ካየሁ ቀለሙን ለእሱ ነው የምቀባው» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። በሰላም የሳቅሁት ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ይመስለኛል።

ከሩቅ ሳየው የወታደር መሰለኝ። ተጠግቼ ጭቃውን በእጅጌዬ ስጠርገው ግን የወታደር ቀለም የለበትም፤ በጎኑ ቀይ መስመር ይሄዳል። ያ ዓይነት አውሮፕላን ለወታደርም ለነጋዴም ይሠራ ስለነበር ከላይ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። በሩ አጠገብ መለያ ቁጥሩ የተቀረጸባትን ትንሽ ብረት አገኘሁ። ዴል ከሰጠኝ ቁጥር ጋር አልገጠመም። ሌላ አውሮፕላን ነበር፤ የወታደሩ ሌላ ጉብታ ጀርባ ሳይሆን አይቀርም። አላወቅሁም ነበር ልበላችሁ? አውቄ ነበር።

የአብራሪው ወንበር ባዶ ነው። ቀበቶው ተፈትቷል እንጂ አልተበጠሰም። ወጥቼ በክንፉ ስር ዞርኩ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ድንጋይ ተክቧል፤ በጥንቃቄ፣ ትልቁ ከታች ትንሹ ከላይ። ከካቡ ጀርባ በጭስ የጠቆረ ጣሳ አለ። ከአውሮፕላኑ ገላ የተቀደደ የሚያብረቀርቅ ብረት ድንጋዩ ላይ ተደግፎ ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሯል። ከሸራ ቅዳጅ ስር ደግሞ ቦት ጫማ ይታያል። ጫማው ባዶ አልነበረም።

ገባችሁ? ሰውየው ሲወድቅ አልሞተም። ቀበቶውን ፈትቶ ወጥቷል፣ ነፋሱን ከልሏል፣ እሳት አንድዷል፣ በላዩ ለሚያልፍ ብልጭ እንዲል ብረት አቁሟል። ጠብቋል። ከስንት ዘመን በኋላ አንድ ሰው መጣለት። የመጣው እኔ ነኝ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ክንፉ ላይ ወጣሁና ቀባሁ። ነፋሱ በተሰበረው ክንፍ ውስጥ እየገባ እንደ ሰው ያቃስት ነበር። አንዱን መስመር ቀባሁ፤ ሌላውን ቀባሁ። ሰው የለበትም፣ እለፉ። ይህን የጻፍኩት ከበላዩ ቆሜ ነው፤ እሱ ከእግሬ ስር ነበር። ወርጄ ወደ ኋላዬ ሳላይ ወደ ወንዙ ሄድኩ።

«የወታደሩ ነው?» አለኝ ዴል።

«የወታደሩ ነው» አልኩት።

ለምን? ልጅ ሳለሁ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ አባቴ ወንዝ ዳር የወደቀ ሬሳ አይቶ ለቀበሌ አመለከተ። «አንተ በምን አወቅህ?» ብለው አሰሩት። ሲመለስ አንገቱን ቀና የማያደርግ ሰው ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲያ የቤታችን ሕግ አንድ ሆነ፤ ሬሳ ካየህ አላየህም፤ ዓይንህን መንገድህ ላይ አድርገህ እለፍ። እኔም ወንዝ ዳር ሬሳ አየሁ። የዜግነት ቃለ መጠይቄም ተቃርቦ ነበር። ፖሊስ ይመጣል፣ ስሜን ይጽፋል፣ «ብቻህን እዚያ ምን ታደርግ ነበር?» ይለኛል አልኩ።

ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። አባቴ እኮ ተናግሯል። እኔ ከእሱ የወሰድኩት ፍርሃቱን ብቻ ነው፤ መናገሩን አልወሰድኩም። ደግሞስ ዜግነቱን ካገኘሁ በኋላ ምን ያዘኝ? ማን ሊያስረኝ? ማንም። በመጀመሪያ የፈራሁት ፖሊስን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የፈራሁት ውሸታም መባልን ነው። ሁለተኛው ፍርሃት ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ያኛው ለነፍሴ ነበር፣ ይሄኛው ለስሜ ነው።

በዚያው ዓመት ልጄ ሳምራዊት በብስክሌቷ የጎረቤታችንን መኪና ፋቀችና ዝም አለች። የምንኖረው ሲያትል፣ ቢከን ሂል ሰፈር ነበር። ስደርስባት እጇን ይዤ እስከ በራቸው ወሰድኳት። «ፕሊስ ዳዲ፣ እፈራለሁ» እያለች ታለቅሳለች። እኔም «እውነት የሚናገር ሰው አይፈራም» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ባቡር ጣቢያ ወርጄ የመቆሚያውን ጠርዝ ቢጫ መስመር ላለማየት፣ ሰው ሁሉ ባቡሩን ሲጠብቅ እኔ ወደ ግድግዳው ዞሬ የምቆመው ሰውዬ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዴል ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው በሊንውድ ከተማ፣ አንድ ምግብ ቤት ለቁርስ ጠራኝ። ኤለን የሚባሉ፣ እዚያው የሚኖሩ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ ጡረተኛ መምህርት ይዞ መጣ። አባታቸው ለሰሜን መንደሮች ዕቃ የሚያመላልስ አብራሪ ነበር። እሳቸው ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ አንድ ቀን አውሮፕላኑን አስነስቶ ሄደ፤ አልተመለሰም። ኤለን በሳህኖቹ መካከል ካርታ ዘረጉና «አውሮፕላኑ ቀይ መስመር ነበረው» አሉ። ጣታቸው እየተጓዘ ያ ጉብታ ላይ ቆመ። «ይሄስ?»

ዴል በሹካው ወደ እኔ ጠቆመ። «እሱን ይተዉት። ተሾመ ራሱ ነው የቀባው።»

«ቀይ መስመር አላየህም?» አሉኝ ኤለን።

«አላየሁም» አልኩ።

አመሰገኑኝ። «አንድ ቦታ ቀነስክልኝ» ብለው በእስክሪብቶ ሰረዙት። እኔም እንቁላሌን በልቼ ጨረስኩ። እንዴት ወረደልኝ? ወረደ። ከዚያ ወዲያ እሳቸው በየሰመሩ ፍለጋቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ጉብታ በላይ በርረው፣ ቢጫውን ከላይ አይተው እንዳለፉ ከዴል ሰምቻለሁ። ልጅ አባቷን ከላይ አይታ አለፈች። ማን አሳለፋት? እኔ። ዴል ባለፈው ዓመት ቃሌን እንዳመነ አረፈ።

ዘንድሮ ሬኒየር ቫሊ ለምትኖር አስቴር ለምትባል ልጅ መርዶ እንድነግር ተጠራሁ። አገር ቤት ወንድሟ ካረፈ ወራት አልፈዋል፤ ብቻዋን ናት፣ ትምህርቷም ይበላሽባታል ብለው ቤተሰቦቿና ጓደኞቿ ደብቀዋት ነው። ነገርኳት። «መቼ ነው?» አለችኝ። እሱንም ነገርኳት። አላለቀሰችም።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «ጥምቀት ላይ ጨፍሬያለሁ። ቪዲዮው አለ። እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ እኔ ነጭ ለብሼ ጨፍሬያለሁ። በእንባዬ ላይ ማን አዛዥ አደረጋችሁ?»

«አዝነንልሽ እኮ ነው፣ አስቱ» አለች አንዷ ጓደኛዋ።

«ፈርታችሁ ነው» አለች አስቴር። የተናገረችው ለጓደኛዋ ነው፤ ያየችው ግን እኔን ነው። ወይም ያየችኝ መሰለኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመርዶ ቤት ቀድሜ ወጣሁ።

በቀጥታ ሳምራዊት ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት። ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ሲከፋት ግን መልሷ በእንግሊዝኛ ነው። የድንጋዩ ካብ ጋ ስደርስ አፏን በእጇ ያዘች። ስጨርስ እጇን አወረደች።

«ሶ፣ ሴትየዋ እስካሁን ይፈልጉታል?»

«ይፈልጉታል።»

ተነስታ ካፖርቴን አቀበለችኝ። «ሌትስ ጎ፣ ዳድ።»

«እፈራለሁ» አልኳት። ለልጄ እንዲህ ብያት አላውቅም።

እጄን ያዘች። «እውነት የሚናገር ሰው አይፈራም» አለች፣ ቃል በቃል፣ በእኔ አማርኛ። ቀጥላም «እሱም ውሸት ነበር» አለች። «ያን ቀን እውነቱን ተናግሬ በጣም ፈርቼ ነበር።»

ሊንውድ ደርሰን መኪናውን ከኤለን ቤት ራቅ አድርጋ እንድታቆም ነገርኳት፤ ልማድ ነው። በሩን የከፈቱት በነጠላ ጫማ ነበር። ስማቸውን ጠርቼ «አባትዎን አይቻቸዋለሁ» አልኩ፤ ቆሜ፣ ሳልቀመጥ፣ ከቀዩ መስመር ጀምሬ እስከ ቁርሱ ድረስ ነገርኳቸው። ሳምራዊት እጄን አለቀቀችም። ኤለን የበሩን መቃን ይዘው አዳመጡኝ።

«ወዲያው ነው የሞተው?» አሉኝ።

እዚህ ላይ መርዶ ነጋሪ የሚለውን አውቃለሁ፤ አልተሰቃየም ይላል። ስንቱን እንዲህ ብዬ አጽናንቻለሁ። ቃሉ ምላሴ ላይ መጣ። ደግነት ይመስላል፣ አይደል? እኔ ግን ለእኚህ ሴት ከእንግዲህ አንድም ደግ ውሸት የመናገር መብት አልነበረኝም።

«አይደለም» አልኩ። ስለ ጣሳው፣ ስለ ብረቱ፣ ስለ ድንጋዩ ነገርኳቸው።

«ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ?» አሉ።

«አዎ።»

«የጓሯችንን አጥርም እንደዚያ ነበር የካበው።» ከዚያ እንደ መምህር ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አሁን ሂድልኝ።» በሩን ዘጉ። ቀስ ብለው ነው የዘጉት፤ ወርውረው ቢዘጉት ይሻለኝ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያም ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ስሜን ጻፉ። ከልጅነቴ ጀምሮ የፈራሁት ነገር ደረሰ፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሜን ፊደል በፊደል ነገርኳቸው፣ አለቀ። ለዚህ ነው አንድ ሰው ያለ መቃብር ያስቀረሁት?

ከጥቂት ቀን በኋላ ኤለን ለሳምራዊት ኮል አደረጉ። በረዶው ሲለቅ ከፖሊሶቹ ጋር ይሄዳሉ፤ እኔም እንድመጣ ይፈልጋሉ። «ቦታውን የሚያውቀው እሱ ነው። ይቅርታ አላደረግሁለትም፤ ይህን ንገሪው» ብለዋል። ነገረችኝ።

አሁን በረዶው እየለቀቀ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ የቀለም መፋቂያ አስገብቻለሁ። ዴል እንዳስፈራራኝ ድብ አይደለም የምፈራው። የምፈራው ያን ክንፍ ዳግም መውጣት ነው፤ እሱ ከስሬ፣ ልጁ ኤለን ከጎኔ ሆነው። የደረቀ ቀለም ከብረት ላይ ሲፋቅ ይጮኻል፤ ያን ድምፅ አብረን እንሰማዋለን።

ይቅርታ የሚጠየቀው እዚያ ድንጋይ ካብ ጀርባ ነው፤ ስደርስ ተንበርክኬ እጠይቃለሁ። እናንተ ግን እስከዚያ አትማሩኝ። ቢጫው ገና ክንፉ ላይ ነው።