የእትዬ አጸደ የጾም ኬክ

ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ከሊያ ጋር ለንደን ውስጥ ኪልበርን ያለ ሱፐርማርኬት ገብተን፣ እሷ ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን አንስታ ጋሪው ውስጥ ጣለች። ጠፍጣፋ፣ መሐሉ የእንጆሪ ማርማላታ ያለበት፣ ላዩ በነጭ ስኳር የተቀባ፣ ቶስተር ውስጥ ሞቆ የሚበላ ኬክ ነው። እኔ መልሼ አነሳሁትና መነጽሬን ከኪሴ አውጥቼ ጀርባውን ማንበብ ጀመርኩ። አንብቤ ጨረስኩና እንደገና ከላይ ጀመርኩ።

«ባባ፣ ፕሊስ! ኬክ እኮ ነው፣ ኮንትራት አይደለም» አለችኝ።

አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ አባት ማለት ሰው ፊት የሚያሳፍር ነገር ነው፤ እኔም ካርቶኑን መለስኩላት። ቤት ገብተን ሁለቱን ቶስተር ውስጥ ስትከት ግን ያ የሞቀ እንጆሪና ያረረ ስኳር ሽታ እስከ ሳሎን መጣ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው፣ ሽታው ግን ያው ነው።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ የምኖረው ዊልስደን ውስጥ፣ ስደተኞች በሚያርፉበት ባለ ሦስት ፎቅ አሮጌ ቤት ነበር። ዘጠኝ ክፍል፣ ዘጠኝ ዓይነት ቋንቋ፣ ኩሽናው ግን አንድ። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከማል ከሚባል የወሎ ልጅ ጋር ላይኛው ፎቅ አንድ ክፍል እንጋራለን። ምድር ቤት፣ መንገዱን በሚያየው ክፍል ደግሞ እትዬ አጸደ ይኖሩ ነበር።

እትዬ አጸደ አዲስ አበባ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ለንደን ውስጥ ግን ቢሮ ያጸዳሉ። እንግሊዝኛቸው ስላልጠና የሚመጣላቸውን ደብዳቤ ሁሉ የማነብላቸው እኔ ነኝ። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ማርታ። ሲወጡ ካርቱም ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር ትተዋት ነው የመጡት። እሳቸው መኖሪያ ፈቃድ ካገኙ በኋላ ልጅቷን ለማምጣት አፕላይ አድርገው ነበር፣ ጉዳዩ ያለው ክሮይደን፣ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ጋ ነው። ማርታ ሐምሌ ላይ አሥራ ስምንት ይሞላታል። ከሞላት በኋላ በእናቷ ስም እንደ ልጅ አትቆጠርም ብሎ ጠበቃው አስረድቶናል። ስለዚህ መልሱ ከሐምሌ በፊት መምጣት ነበረበት።

እትዬ አጸደ ተሳሉ። ሁዳዴን አምሳ አምስቱንም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፣ አንዲት ፍርፋሪ የፍስክ በአፌ ብትገባ ስለቴ ፈረሰ አሉ።

«እትዬ፣ ከእግዚአብሔር ጋር እንዲህ በቁርጥ አይነጋገሩ እንጂ» አልኳቸው እየቀለድኩ።

«ዝም በል አንተ! በቁርጥ የምለምነው በቁርጥ እንዲሰጠኝ ነው» አሉኝ።

ጾሙ የገባው ዝናቡ በረዶ ልሁን አልሁን በሚልበት ወቅት ነው። ችግሩ ደግሞ ኩሽናው ነበር። ጠዋት ማታ የአሳማ ሥጋ ይጠበሳል፤ ግድግዳው ሳይቀር ስብ ስብ ይሸታል። እትዬ አጸደ አዲስ ድስት ገዝተው ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም ስማቸውን ጻፉበት። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ጎረቤታችን በዚያው ድስት ቋሊማ ቀቅሎ፣ አጥቦና አድርቆ መልሶ አስቀመጠላቸው። ሰውዬው ክፋት የለውም፤ አጥቦ መመለሱም ጨዋነት ነው። እሳቸው ግን ድስቱን ለሰውዬው ሸልመውት ኩሽናውን ተሰናበቱ። ክፍል ውስጥ ምድጃ ማስገባት ክልክል ነው። ከዚያ በኋላ የሚበሉት ደረቅ ዳቦና ለውዝ ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ሲመለሱ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ወደቁ።

ያን ቀን ደግፌ ወደ ቤት ሳመጣቸው ክንዳቸው እጄ ውስጥ ቀሎ አንጀቴን በላው። ጾሙን ተዉት ማለት አልችልም፤ ብልስ ማን ይሰማኛል? ምን አባቴ ላድርግ እያልኩ ሱቅ ገባሁና ያንን ኬክ አየሁ። ለሁለት ለሁለት በብርማ ወረቀት ታሽጓል። የማንም ድስት አልነካውም፣ የማንም ቢላዋ አልቆረጠውም። ጀርባውን አነበብኩት። የምፈልጋቸው ሦስት ቃላት ነበሩ፦ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል። ሦስቱም የሉም። ደስታዬን አትጠይቁኝ፣ የዱቄቱንም የቅመሙንም ዝርዝር ትቼ ወደ ገንዘብ ተቀባዩዋ ሮጥኩ።

እትዬ አጸደ በቀላሉ አልተረቱም። እሽጉን አገላበጡ፣ አሸተቱ። ቀጥሎ ጥያቄው ቶስተሩ ሆነ።

«ሰው ሁሉ ዳቦውን የሚከትበት አይደለም እንዴ? ቅቤ ቢኖርበትስ?»

«ቅቤው የሚቀባው ዳቦው ከወጣ በኋላ ነው፣ እትዬ።»

ትንሽ አሰቡና «እሱስ ልክ ነህ» አሉ። ቢሆንም ቶስተሩን ገልብጠው የቀረውን ፍርፋሪ በሙሉ አራገፉ። ሁለት ዓይነት ነበር የገዛሁት፣ ላዩ ያልተቀባና የተቀባ። ያልተቀባውን ቀምሰው «ደህና ነው» አሉ። በነጭ ስኳር የተቀባውን፣ ቀይና ሰማያዊ ፍንጣሪ የተነሰነሰበትን ሲቀምሱ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ እያሉ አኘኩ። ጣታቸው ላይ የቀረችውን ስኳር ሲልሱ አየኋቸውና ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያን ቀን ጀምሮ የተቀባውን ብቻ ገዛሁላቸው።

ኋላ ላይ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው፣ የዚህን ኬክ ታሪክ ፈልጌ አንብቤያለሁ። በስድሳዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሁለት የቁርስ ምግብ ፋብሪካዎች የተሽቀዳደሙበት ነገር ነው። አንደኛው እርጥብ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ አሽጎ ማቆየት የቻለው መጀመሪያ ለውሻ ምግብ ባወጣው ዘዴ ነው ይባላል። ሥራው ሳያልቅ ለሰው ሁሉ ለፈለፈና ተፎካካሪው ቀድሞት ገበያ ገባ። የመጀመሪያዎቹ ኬኮች ላያቸው ባዶ ነበር። ቶስተር ውስጥ የማይቀልጥ የስኳር ቅብ ከጊዜ በኋላ ተገኘና እሱ ሲጨመርበት ልጆች አበዱለት። ልጆች ብቻም አይደሉም። ትኩስ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ ማብሰል የማይችል ሰው እንኳን አያበላሸውም። ብቻውን ለሚኖር ሰው የተሠራ ምግብ ይመስለኛል።

በአምስተኛው ሳምንት ጉዳዩን ቼክ ለማድረግ ክሮይደን ሄድን። ባቡር ቀይረን፣ ቁጥር ወስደን፣ ማለቂያ የሌለው ሰልፍ ይዘን ዋልን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እትዬ አጸደ ከቦርሳቸው እሽጉን አወጡ። አማተቡና ከሁለቱ አንዱን ለእኔ ሰጡኝ፣ ቀዝቃዛውን በላን። «ማርታ ስትመጣ መጀመሪያ የማበላት ይሄንን ነው» አሉኝ። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ገና እየታየ ነው፣ ጠብቁ ተባልን።

ሆሳዕና ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ካርቶኑን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ትቼው ከማል አየው።

«ይሄ የማን ነው?» አለኝ።

«የእትዬ አጸደ። የጾም ነው።»

«የጾም?» አለና ጣቱን ጽሑፉ ላይ አሳረፈ። «እኛ ይሄን አንበላም እኮ፣ ብሬ። ጄላቲን አለው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«አጥንትና ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ነው። ከበሬም ይሆናል፣ ከአሳማም ይሆናል። እኔ ሐላል ስለምፈልግ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።»

ያልተቀባው ላይስ? ሮጬ ሱቅ ሄጄ አነበብኩት፤ የለበትም። ሙጫው ቅቡ ውስጥ ነው። እትዬ ያን ሁሉ ሳምንት ሲጾሙ የኖሩት በአጥንትና በቆዳ ነበር፤ ያበላኋቸውም እኔ።

ስመለስ ምን እንደምላቸው እያዘጋጀሁ መጣሁ። በራቸው ላይ ስደርስ ማርታ በላከችው ፎቶ ፊት ቆመው ይጸልያሉ። ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ ቆምኩ። ብነግራቸው ስለታቸው ፈረሰ፤ ሌላ ሁዳዴ ደግሞ ከሐምሌ በፊት አይደርስላቸውም። ባልነግራቸውስ? ያልተቀባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«የተቀባው አለቀ እንዴ?» አሉኝ።

«አለቀ፣ እትዬ።»

«ይሁን። ሰሙነ ሕማማት ሊገባ ነው፣ ጣፋጭ ምን ያደርግልኛል» አሉ።

ፋሲካ አለፈ። ዛፉ ሁሉ አበባ አወጣ፣ ሰው ካፖርቱን ጣለ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ደብዳቤው መጣ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ሦስት ገጽ ነው። መልሱ ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር፤ አይሆንም ይላል። ሌላው ቃል ሁሉ የአይሆንም ማብራሪያ ነው። አንድ በአንድ ተረጎምኩላቸው፣ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ይግባኝ ብንልም ሐምሌ እንደሚቀድመን ሁለታችንም እናውቃለን።

አላለቀሱም። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

ከማል ነገራቸው አልኩ በልቤ።

«ያ ኬክ ነው ጾሜን የበላብኝ። እየጣመኝ ጾምኩ፣ ብሬ! ሰው ስለ ልጁ በለቅሶ ይለምናል፣ እኔ ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ እንደ ሕፃን እየጎመጀሁ ለመንኩ። ይሄ ጾም ነው? ከዛሬ ጀምሮ ስኳር በአፌ አይዞርም።»

አፌን ከፈትኩ። እንዲህ ማለት ነበረብኝ፦ እትዬ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም፣ ሳላነብ ያበላሁዎት እኔ ነኝ። ግን ይህን ስል ምን እየሰጠኋቸው ነው? በጣፋጭነቱ ምትክ ሥጋ በላሁ ብለው እንዲያለቅሱ? ያልተናገርኩበት ምክንያት ያን ጊዜ የሳቸው ሐዘን ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈርቼም ነው። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የስኳር ከረጢት አንስተው ሰጡኝ፣ ተቀብዬ ወጣሁ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ቄስ ጠይቄ ነበር። «ሳታውቅ የበላችው አይቆጠርባትም» አሉኝ። ቀና ብለው አዩኝና ደግሞ «ያወቅኸው አንተ ነህ» አሉ። ደብዳቤ የሚወሰነው በኬክ ቅብ ነው ብዬ አላምንም። ግን እሳቸው ያምናሉ፣ የሚኖሩትም በእሳቸው እምነት እንጂ በእኔ አይደለም።

ማርታ ለንደን አልመጣችም። ካርቱም አድጋ፣ ካምፓላ ተድራ ቀረች። እትዬ አጸደ ፓስፖርት ሲያገኙ አንድ ጊዜ ሄደው አይተዋታል። ሲመለሱ «ትቻት የሄድኩት ልጅ ናት፣ ያገኘሁት ወይዘሮ» አሉኝ እንጂ ሌላ አልጨመሩም።

እሑድ ዕለት ሽታው አላስቀምጥ ብሎኝ እትዬ አጸደ አሁን ወደሚኖሩበት ቤት፣ ዊልስደን ሄድኩ። ሰባ ስምንት ሊሞላቸው ነው፤ አንዲት ተንከባካቢ በቀን ሁለት ጊዜ ትመጣላቸዋለች። የማስታወስ ችሎታቸው ከዓምና ጀምሮ እየከዳቸው ነው። አንዳንዴ ብሬ ይሉኛል፣ አንዳንዴ ጠበቃው እመስላቸዋለሁ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ከአጠገባቸው ተቀምጬ ያንን ቤት ጠየቅኳቸው፣ አላስታወሱትም። ድስቱን፣ ጾሙን፣ ኬኩን አልኳቸው። በትሕትና ፈገግ ብለው «እንዴት ያለ ጊዜ ነበር ባክህ» አሉኝ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚሰማ ሰው።

ተንከባካቢዋ ሻይ አምጥታ ስኳር ልትጨምርላቸው ማንኪያውን አነሳች። እትዬ አጸደ መዳፋቸውን ስኒው ላይ ከደኑ።

«ለምን እትዬ? ትንሽ ቢሞክሩ?» አልኳቸው።

«አይሆንም። ስለት አለብኝ።»

«የምን ስለት?»

ግንባራቸውን አጨማደዱ፣ መስኮቱን አዩ፣ ፈለጉት።

«እንጃ ልጄ። ብቻ እስክትመጣ ድረስ ነው» አሉኝ።

ማን ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ወጣት ሳለሁ እውነቱን አቆይቼ ሲመቸኝ የምናገረው ይመስለኝ ነበር። ንስሐው እሳቸው ጋ ቀርቷል፣ ምክንያቱ ግን አሁን እኔ ጋ ብቻ ነው ያለው፤ ልመልስላቸው ብል የሚቀበለኝ ሰው የለም። ሻያቸውን እስኪጨርሱ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።