የዊዳድ አባት

የክፍል ኃላፊዋ ሙሉመቤት የሰባተኛ ክፍል ካርድ አድላ ስትጨርስ አንድ ሰው በሩ ላይ ቀርቷል። ከገራዶ በኩል በጠዋት የመጣ ገበሬ ይመስላል፤ ሽርጡ ንጹሕ፣ ኮቱ ክርኑ ላይ የተጣፈ ነው። የሴት ልጁን ካርድ ፊደሉ እንዳይጠፋበት የፈራ ይመስል ጠርዝ ጠርዙን ይዞታል።

«ይግቡ አባባ፤ አይስጉ፣ ከዚህ ክፍል የወደቀ የለም» አለችው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ነግረውኛል» አለ፤ ግን አልተቀመጠም። «መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። በቀደም የልጄ እናት ታማ መድኃኒት ታዞላት ነበር። ‹ስንት ትውሰድ ይላል?› ብላት፣ ልጅቷ ወረቀቱን አየት አድርጋ ‹በቀን ሦስት› አለችኝ። ለካ አንድ ኖሯል። እናቷ ራሷን ስትስት ጎረቤት አንብቦ ደረሰልን። ኋላ ልጄን አጥብቄ ብጠይቃት፣ ወላሂ፣ ማንበብ አትችልም።»

ሙሉመቤት ዓይኗን ወደ ካርዱ መለሰች። ካርዱ ላይ ያለው ፊርማ የራሷ ነው። ሰማንያ ሦስት ልጆች በታጨቁበት ክፍል ማን እንደሚያነብ፣ ማን ከጎኑ እንደሚገለብጥ ለይታ አታውቅም።

«ለጠብ አልመጣሁም» አለ ሰውየው። «ፈርቼ ነው። ሰባት ዓመት እዚህ ስትመላለስ ምን ስትሠራ ኖረች?»

«ነገ ይዘዋት ይምጡ፤ እኔው ራሴ ከሀሁ እጀምርላታለሁ።»

«አላህ ይስጥልኝ» ብሎ ካርዱን ዘረጋላት።

ስሟን አነበበችው። ዊዳድ። ዓመቱን ሙሉ በየጠዋቱ ጠርታዋለች። አሁን ግን በሐሳቧ ከዴስክ ዴስክ እየዞረች ብትፈልጋት ፊቷ አልመጣላትም፤ የሰውየው ፍርሃት በእሷም ላይ ወደቀ።