ራጅ አንሺዋ ዱረቲ እና ሩቁ ጋላክሲ

ዱረቲን የማውቃት ነቀምት፣ ጨለለቂ ሰፈር ካለው ክሊኒክ ነው። እኔ ካርድ ክፍል ነኝ፣ እሷ ራጅ ክፍል፤ በመሃላችን አንድ በር አለ። ስሜ ሐረግወይን ነው። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ወለጋ የሰፈሩ ናቸው፤ እኔ ግን ነቀምት ተወልጄ ነቀምት ያረጀሁ ነኝ፤ ስገበያይ በኦሮምኛ፣ ስቆጣ በአማርኛ። ዱረቲ «አዴ ሐረግ» ትለኛለች፤ እንደ እትዬ ማለት ነው። እሷ ዝምተኛ ናት፣ የእኔ አፍ ደግሞ አያርፍም። እግዜር ሲያጣምር ያውቅበታል።

ቀን ራጅ እያነሳች፣ ቅዳሜና እሁድ እየተማረች በፊዚክስ ዲግሪ ያዘች። በቃሽ ስንላት ማስተርሱን እዚሁ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ጀመረች። «ምን ጎደለሽ?» ብላት ሳቀችና ወደ ራጅ ክፍሏ ገባች። አንድ ቀን ግን ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀዘቅዝ፣ ስልኳን አምጥታ አንድ ጥቁር ምስል አሳየችኝ። መሃሉ ላይ ነጭ ነገር አለበት።

«የማን ሳንባ ነው? ክፉኛ ተጎድቷል» አልኩ።

«ሳንባ አይደለም አዴ ሐረግ፣ ጋላክሲ ነው። በራጅ ሲታይ ነው።»

«ጋላክሲን ደግሞ ማን አስተኝቶ ራጅ አነሳው?»

ያን ቀን ዝምተኛዋ ልጅ አወራች። እኛ ክሊኒክ ውስጥ ራጁን የምንልከው እኛ ነን፤ ጋላክሲው ግን ራሱ ይልካል። አየራችን ስለሚውጠው መሬት አይደርስም፣ ሳተላይት ከላይ ሆኖ ይቀበለዋል። መረጃው ለፈለገ ሁሉ ክፍት ስለሆነ ነቀምት ተቀምጦ ማውረድ ይቻላል። «ኔትወርክ ካለ» አልኳት። መሃሉ ላይ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ አለ አለችኝ። ዙሪያውን የጋለ ነገር እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይሽከረከራል። ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ራጁ ቦግ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ዙሪያው ይደምቃል። በምን ያህል እንደዘገየ ከታወቀ፣ የዚያ ወፍጮ ስፋት ይታወቃል። ገባኝ። በእውነት ገባኝ፤ እኔም ገርሞኛል።

የዙሪያውን ድምቀት የምትለካላት ኬኔ የምትባል የትምህርት ጓደኛዋ ናት። አዲስ አበባ አካባቢ ተራራ ላይ ቴሌስኮፕ አለ፤ ሳተላይቱ ጋላክሲውን በሚያይበት ሰሞን ኬኔም ከዚያ ታያለች። ያየችበትን ሰዓት ከነልኬቱ በቴሌግራም ትልካለች፣ ዱረቲ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ትመዘግበዋለች። አብዛኛውን የምትመዘግበው እዚሁ ክሊኒክ፣ በታካሚና በታካሚ መሃል ነው። የእሁዱን ብቻ ከቸርች መልስ ቤቷ ትሠራዋለች።

ሁሉን ደምራ ስታየው ጉድ ወጣ። ዙሪያው ነው ቀድሞ የሚደምቀው፤ የመሃሉ ራጅ ነው የሚዘገየው። ጭስ ከእሳት ቀደመ እንደማለት ነው። አዲስ አበባ ያሉት አማካሪዋ ፕሮፌሰር ሚናስ ስልኩ ውስጥ ሲጮሁ እኔ ካርድ ክፍል ሆኜ ሰማሁ። ይህን ይዘሽ ጉባኤያችን ላይ አቅርቢ፣ ለዶክትሬት ያለኝ አንድ ቦታ ነው፣ እሱም ያንቺ ነው አሏት። ዱረቲ ስልኩን ዘግታ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አባቷ ሲሞቱ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ከአንደኛ ዓመት አቋርጣ፣ ራጅ ማንሳት ተምራ ወደ ሥራ የገባች ልጅ ናት፤ ያንን ቦታ ስንት ዓመት በልቧ ይዛው እንደኖረች ያን ዕለት ነው ያየሁት።

እኔ ደግሞ ለጨለለቂ በሙሉ አወራሁ። ምን ላድርግ? ፊት ለፊታችን ሱቅ ያለው ረዲ ሰምቶ ለስላሳ ይዞ መጣና «ዶክተር ዱረቲ» አላት። ወሬው ጉቴ ከተማ ላሉት ዘመዶቿ ሳይቀር ደረሰ።

ልጅቷ ግን ልቧ አላረፈም። ከእሁዶቹ የመጡት የልኬት ነጥቦች ከሌሎቹ ጋር አልስማማ አሏት፤ እንዲያውም ተቃራኒውን ይናገራሉ። ለፕሮፌሰሩ ነገረቻቸው። «ጥቂት ነጥብ ሁሌም ያፈነግጣል፣ ተያቸው» አሏት። ተያቸው ተብሎ የሚተው ሰው አለ፣ ዱረቲ አይደለችም። ምሳዋን እየተወች እነዚያን እሁዶች ታገላብጣለች። «ጋላክሲውም እሁድ እሁድ ሰንበት ያከብር ይሆናል» ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጨመዳ የሚባሉ ገበሬ ከጉቶ ጊዳ በባጃጅ መጡ። በሬ ገፍቷቸው ክንዳቸው ተሰብሯል። ዱረቲ አነሳቻቸውና እንደልማዷ ሰዓቱን ካርዱ ላይ ልትጽፍ እኔ ጋ መጣች። የራጅ ማሽኑ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው፤ ካርዱ ደግሞ በእኛ ሰዓት ካልሆነ ታካሚው አይገባውም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ከማሽኑ ላይ ስድስት ስትቀንስ ነው የምትውለው። አታስብበትም፣ እጇ ነው የሚቀንሰው። ማሽኑ አሥራ ስድስት ይላል፣ እሷ አሥር ሰዓት ብላ ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» አሏት ኦቦ ጨመዳ። ክንዳቸው የተሰበረው እሳቸው፣ የሚያጽናኑትም እሳቸው።

ዱረቲ ስልኳን አወጣች፣ የኬኔን መልእክት ከመዘገበችው ጋር አስተያየች። ክሊኒክ ውስጥ የመዘገበችው በሙሉ ስድስት ሰዓት ተቀንሶበታል። ኬኔ የምትልከው ሳይንቲስቶች በሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፣ ምንም መቀነስ አያስፈልገውም፤ ያ የለመደ እጅ ግን እንደ ታካሚ ካርድ ቀነሰው። ቤቷ ሆና የሠራቻቸው እሁዶች ብቻ ናቸው ደህናዎቹ። ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ወደ ረጅም ቁጥር ስለሚለውጠው ስህተቱ ለዓይን አይታይም ነበር።

«በእኔ ምዝገባ ከሄድን» አለች ቀስ ብላ፣ «ኬኔ በጠራራ ፀሐይ ነው ኮከብ ስታይ የከረመችው።»

ልስቅ ነበር፣ ዓይኗን ሳይ ሳቁ ጠፋኝ። ኦቦ ጨመዳን ለሐኪሙ ካስረከብን በኋላ በሩን ዘጋሁ።

«ማን ያውቃል?» አልኳት።

«ማንም።»

«እንግዲያው ዝም በይ! እሁዶቹን ተያቸው ብለውሻል፣ ተያቸው። ያ ሁሉ ሰማይ፣ ስድስት ሰዓት ምኑ ነው? ቦታሽን ያዢ፣ ኋላ ታስተካክይዋለሽ።» ተቆጥቼ ነው የተናገርኩት። አንዲት ልጅ ስንት ጊዜ ከጀመረችው ላይ ትመለስ?

«አዴ ሐረግ» አለችኝ፣ «የኦቦ ጨመዳን ቀኝ ክንድ ግራ ብዬ ጽፌ ብሰጥሽ ዝም ትያለሽ?»

 እኔን ዝም ማሰኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እዚያው ቆማ ለፕሮፌሰሩ ደወለችላቸው። አላድበሰበሰችም፣ በክሊኒኩም በኬኔም አላሳበበችም፤ «የቀነስኩት እኔ ነኝ» አለች።  እሳቸውም «ስምሽን ከጉባኤው ፕሮግራም አስወጣለሁ» አሉና ዘጉ። ስለ ቦታው አንድም ቃል የለም።

የዚያን ሰሞን ነገር አታንሱብኝ። ያወራሁትን ሁሉ እየዞርኩ መሰብሰብ የእኔ ዕዳ ሆነ። ረዲ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለኝ። ተረቱስ ደህና ነው፤ የሚያድረው ግን እኛ ላይ ነው። ዱረቲ በበኩሏ ሁሉንም ከስሩ እንደገና ሠራችው፣ አሁን ለምዝገባ የምትቀመጠው ቤቷ ብቻ ነው። ራጁ ቀድሞ፣ ዙሪያው ተከትሎ፣ የፊዚክስ መጽሐፉ እንደሚለው ሆኖ ተገኘ።

«ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?» አልኳት።

«የለውም። ትክክል ግን ነው» አለች። አልቅሳ የከረመች ልጅ ናት፣ ይህን ስትል ግን ፊቷ ላይ ደስታ ነበር። እኔ በሷ ቦታ ብሆን ኮምፒውተሩን በመስኮት እወረውረው ነበር። የተስተካከለውን ለፕሮፌሰሩ ላከችላቸው። መልስ አልመጣም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ወረፋው በር ድረስ ሞልቶ ሳለ ስልኳ ጠራ። ስሙን አይታ ወደ እኔ መጣችና ግድግዳውን ተደግፋ አነሳችው። «አቤት ፕሮፌሰር» አለች። ከዚያ በኋላ አዳመጠች እንጂ አልተናገረችም። ወረፋው ያጉረመርማል፤ በዓይኔ ገሠጽኳቸው። በመጨረሻ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለችና ስልኩን ዝቅ አደረገችው።

«ምን አሉ? ተናገሪ እንጂ፣ ገደልሽኝ!»

«ነጥቦቹን ተያቸው ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ከዚያ ወዲህ የራሴን ሥራ ማመን አቃተኝ አሉኝ። ሊያሳትሙት የነበረውን የራሳቸውን ጥናት መልሰው ወስደውታል።» ስልኩን ኪሷ ከተተች። «ከነመረጃው ዛሬ ይልኩልኛል። መስከረም ላይ ስትመጪ፣ መጀመሪያ የእኔን ስህተት ፈልጊልኝ አሉኝ።»

«መስከረም ላይ ስትመጪ?»

«ቦታውን ለማንም አልሰጡትም።»

አለቀስኩ። ለምን እደብቃለሁ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀስኩ፤ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው አንዲት እናት ሊያጽናኑኝ ተነሱ። ዱረቲ ግን ቀጣዩን ካርድ ከጠረጴዛዬ ላይ አነሳች፤ ሲያስሉ የሰነበቱ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸውና በሩን ዘጋችው። ከበሩ ወዲያ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ተሰማኝ።

«አየር በደንብ ይሳቡ አባቴ» አለች። «ይያዙት። አሁን ይተንፍሱ።»