ለኦቦ ለሚ ያልተነገራቸው መጨረሻ

ልጅ ሳለሁ የጠላሁት መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬም አልማርኩትም። ወፍራም ነው፣ ጀርባው ላይ የወርቅ ቀለም ጽሑፍ አለው፣ ውስጡ ደግሞ የዌልስ ሰዎች በመካከለኛው ዘመን የጻፏቸው የጥንት ተረቶች በእንግሊዝኛ ተተርጉመው ይገኛሉ። ተረቶቹ ምንም አልበደሉኝም። የተረጎማቸውም ሰው ቢሆን እኔን አያውቀኝም። የተናደድኩት መጽሐፉን ቤታችን ይዞ በመጣው ሰው ነው፤ እሱም አጎቴ ነው።

ያኔ እኔና እናቴ የምንኖረው አምቦ፣ በአጎቴ በጋሽ ታደሰ ግቢ፣ ከኋላ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። እናቴ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። በዚያ ክረምት ከአንድ መምህር ተውሳ ያመጣቻት ሽፋኗ የተላጠ ቀጭን መጽሐፍ ነበረች፤ ያው የዌልስ ተረት ነው፣ ግን ሰው በሚናገረው ዓይነት እንግሊዝኛ የተተረጎመ። ማታ መብራት እንደ ልማዱ ይጠፋል፣ ከሰሉ ላይ የበቆሎ እሸት ይንጣጣል፣ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ እናቴ ፋኖሱን ጠጋ አድርጋ ጥቂት በልቧ ታነብና ቀና ብላ በአማርኛ ትነግረናለች።

ከእኛ ጎን ያለችውን ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት ኦቦ ለሚ አንድም ምሽት አይቀሩም ነበር። ዕድሜያቸውን በነቀምት መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው፣ ኋላ ስኳር በሽታ እግራቸውን ይዞ ያስቀመጣቸው ሰው ናቸው። እሳቸው ባደጉበት መንደር ተረት በዝምታ አይሰማም። ነጋሪው አንድ ነገር ሲል ሰሚው «ኤዬ» ይላል፣ «እሺ» እንደ ማለት። «ኤዬ» ካልተባለ ነጋሪው ወደፊት አይሄድም፤ አልገባቸውም ማለት ነውና ተመልሶ በሌላ አነጋገር ያስረዳል። እናቴ ይህን ወደደችው። እኔም በቆሎዬን እያኘክሁ ከኦቦ ለሚ እኩል «ኤዬ» እል ነበር።

አንደኛው ተረት ግን ኦቦ ለሚን ሌላ ሰው አደረጋቸው። አንዲት ንግሥት ወንድ ልጅ ትወልዳለች፣ ወዲያው ሕፃኑ ከጎኗ ይጠፋል። እንዲጠብቁ የታዘዙት ሴቶች እንቅልፍ ጥሏቸው ነበርና፣ ለራሳቸው ፈርተው «ልጇን የበላች ራሷ ናት» ብለው ይመሰክሩባታል። ፍርዷም ግቢው በር ላይ ተቀምጣ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ጉዷን እየተናገረች፣ በጀርባዋ አዝላ ወደ ውስጥ እንድታስገባው ሆነ። እናቴ እዚህ ላይ ስትደርስ «ኤዬ» የሚል ጠፋ። አልገባቸውም ብላ መልሳ ልትነግራቸው ስትጀምር ኦቦ ለሚ እጃቸውን አነሡ።

«ገብቶኛል፣ ብርሃኔ ልጄ። ገብቶኛል» አሉ። እያለቀሱ ነበር።

ልጃቸው ገመቹ በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። እስከ አሶሳ በመኪናቸው ያደረሱት ራሳቸው ናቸው። ልመናው አሰልችቷቸው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ከሚሄድ እኔ ላድርሰው ብለው። ሰፈሩ ታዲያ «ልጁን ራሱ በላው» ይል ነበር፣ እሳቸው እየሰሙ።

«ጉርባን ኒ ዴቢኣ?» አሉ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው። «ልጁ ይመለሳል ወይ?»

«እኔም ገና እዚህ ድረስ ነው ያነበብኩት፣ ኦቦ። ነገ እንጨርሰዋለን» አለች እናቴ። የፋኖሱ ጋዝ አልቆ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ለክረምት ትምህርት ከሄደበት ከአዲስ አበባ ወፍራሙን መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ተመለሰ። የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ማታ መጥቶ ቀጭኗን ከእናቴ እጅ ወሰደና አገላበጣት።

«ይሄ እኮ ትርጉም አይባልም፤ ለፈረንጅ ሕፃናት የተቆራረጠ ነው» አለ። «ዋናው ይኸውላችሁ። ማንበብ ካልቀረ እንዲህ ያለውን ነው።»

«ጋሼ፣ አንድ ቦታ ላይ ደርሰን ነበር። እሷን ብቻ ልጨርስላቸው» አለች እናቴ።

«ከመጀመሪያው ሳይሰሙ መጨረሻው ምን ያደርግላቸዋል?»

ቀጭኗን ቦርሳው ውስጥ ከተታት፣ ለመምህሩም ራሱ ወስዶ መለሰለት። እናቴ አልተከራከረችውም። የምንኖረው በእሱ ቤት ነዋ! ካደግሁ በኋላ ሁለቱንም መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርጌ አንብቤያቸዋለሁ። ከቀጭኗ የተቆረጠ አንዳች ነገር የለም።

ከዚያ ማታ ጀምሮ አጎቴ መቅድሙን ያነብልን ጀመር። ብራናው የት ተገኘ፣ ማን ገለበጠው፣ የትኛው ሊቅ ከየትኛው ሊቅ አልተስማማም። መቅድሙ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ተረት ጀመረ፤ እንግሊዝኛው ድሮ የቀረ እንግሊዝኛ፣ እሱ የሚያወጣው አማርኛ ደግሞ የባሰ። «እነሆም ያ መኰንን፣ ይሆን ዘንድ እንደሚገባው በሆነ ጊዜ…» ይልና መዝገበ ቃላት ያገላብጣል። ከሰሉ አመድ ይለብሳል። ኦቦ ለሚ ለጨዋነት ያህል አንዴ «ኤዬ» ቢሉ «ሳነብ አያቋርጡኝ» አላቸው። ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። እሱ ዝምታችንን አክብሮት መሰለው፤ ክፍል ውስጥም ተማሪ ዝም ካለ ገብቶታል ብሎ የሚያልፍ መምህር ነበር።

«ጋሼ፣ የዚያች የንግሥቲቱ ልጅስ?» ብለው አንድ ምሽት ኦቦ ለሚ ጠየቁት፣ በዕድሜ አባቱ የሚሆኑት ሰው፣ ተማሪ አስተማሪውን እንደሚፈራ እየፈሩት።

«ይደረስበታል» አላቸው። ገጹንም ገለጠ።

አልተደረሰበትም። የእግራቸው ቁስል ሲብስ እጃጂ ከተማ የምትኖረው ሴት ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው። እናቴ ቀጭኗን መጽሐፍ እንደገና ለምና እስክታመጣ መስቀል አልፎ ነበር። እዚያው ከቆምንበት ጥቂት ገጾች አለፍ ብሎ መጨረሻው ተጽፏል፦ ልጁን አንድ ደግ ሰው አግኝቶ አሳድጎታል፣ ይመልሰዋል፣ እናቲቱም ከጥፋቱ ነጻ ናት። ቅዳሜ እጃጂ ሄደን ልንነግራቸው ተነጋገርን። ሐሙስ ዕለት መሞታቸውን ሰማን።

ዛሬ እዚሁ አምቦ አስተማሪ ነኝ። አንዳንድ ጊዜ ተማሪዎቼ «እነዚያን የዌልስ ተረቶች በየትኛው ትርጉም ብናነብ ይሻላል?» ይሉኛል፤ የሥራ ባልደረቦቼም ከአፌ ቀምተው «ክብደት ያለውን» ይሏቸዋል። እበሽቃለሁ። ክብደት የሚፈለገው ለጤፍ ነው። ያ ወፍራሙ ለሚያጠና ሰው ጥሩ ነው አሉ፤ ያጥናበት። ተማሪዎቼን ግን አንዱን ገጽ ጮክ ብላችሁ ለሰው አንብቡለት እላቸዋለሁ፤ ያ ሰው «ከዚያስ?» ካላችሁ ያን ትርጉም ውሰዱ፣ ካላላችሁ ወደ መደርደሪያው መልሱት።

ያኔ በኦቦ ለሚ ለቅሶ ላይ፣ እጃጂ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ እኔ በእናቴና በአጎቴ መካከል ተቀምጬ ነበር። የኦቦ ለሚ ልጅ መጥታ እናቴን አቀፈቻት።

«ማታ ማታ አባቴ ለልጆቼ ያንቺን ተረት ይነግራቸው ነበር» አለቻት። «የዚያችን የንግሥቲቱን።»

እናቴ ከእቅፏ ሳትወጣ ጠየቀቻት። «መጨረሻውን ምን ብለው ነገሯቸው?»

«ልጁ ሳይመለስ ቀረ አላቸው። እናትየውም እስክትሞት ድረስ እዚያው በር ላይ ሰው ስታዝል ኖረች አላቸው።»

ይኼኔ አጎቴ አንገቱን አስግጎ፣ የተማሪ ስህተት እንደሚያርም ሁሉ ረጋ ብሎ፣ «የለም፣ ተሳስተዋል። ልጁማ ይመለሳል» አለ።

ያውቅ ነበር! ያን ሁሉ ምሽት፣ «ይደረስበታል» ሲላቸውም ጭምር፣ ያውቅ ነበር።