«ሁለቱም አንድ ናቸው» ብዬ የጻፍኩት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች በበዙበት በፌርፋክስ ጎዳና መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ገና ሳልወርድ ሰብለ ደወለች። «የእማዬን ሰዓት ቆረጡት እኮ! ከእንግዲህ መንግሥት እሷን ለመጠበቅ የሚከፍለኝ የግማሽ ቀን ብቻ ነው። ሌላ ሥራ ልይዝ ነው፤ ማን ያይልኛል?» እናቷ እትዬ አስካለ ዓይናቸው ደክሟል፤ ምድጃው መጥፋቱን እንኳ ዳብሰው ነው የሚያውቁት። «እግዚአብሔር ያውቃል» ብዬ ዘጋሁ። እሱማ ያውቃል። እንደማላውቅ የሆንኩት እኔ ነኝ።

ከዚህ ስልክ በፊት፣ አንዱ ፓርቲ ለዋናው ምርጫ የሚያቀርበውን ሰው በሚለይበት ቅድመ ምርጫ ጊዜ፣ የሁለቱን እጩዎች አቋም ጎን ለጎን የሚያሳይ ወረቀት ለአረጋውያን እንድተረጉም ሰበካ ጉባኤው ሰጠኝ። ለምን ለእኔ? «እሷ ቃል አትጨምርም፣ አትቀንስም» ተብዬ።

አንደኛዋ እጩ ሴት ነበረች። እዚሁ ሰፈር ምግብ ቤት መጥታ ጥብስ ሲቀርብላት፣ «ዛሬ ረቡዕ አይደል? ሽሮ ይበቃኛል» አለች። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ጠረጠርኩ። ማን አስጠናት? ጾማችንን አጥንታ የመጣች ምን ልትወስድ ነው? ተፎካካሪዋ ስለ እኛ አንዳች አያውቅም ነበር፤ እሱን ግን አልጠረጠርኩም።

ወረቀቱ ላይ ስለ ቤት ውስጥ እንክብካቤ የሚል ረድፍ አለ። እሷ፦ ሰዓቱ አይነካም። እሱ፦ ይቀነሳል። ይህንንም እንደ ሽሮው ማባበያ ቆጠርኩትና «ሁለቱም አንድ ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩ። እጄ አልሳተም፤ ቋንቋውም አልከበደኝም። ሽማግሌዎቹን ከአታላይ ማዳኔ ነው ብዬ ጸሎቴን አድርሼ ተኛሁ። ማን ሾመኝ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቅጂውን አድዬ አነበብኩት። እትዬ አስካለ፣ «አንድ ከሆኑማ ረጅሙን ልምረጥ፤ ቢያንስ ከሩቅ ይታየኛል» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅኩ። ረጅሙ እሱ ነው። በድምፅ መስጫ ወረቀታቸው ላይ በስሙ አጠገብ ያለችውን ክብ ያጠቆርኩላቸውም እኔው ነኝ።

እሱ ቅድመ ምርጫውንም ዋናውንም አሸነፈ፤ እንዳለውም ሰዓቱን ቀነሰ። የአንድ አዳራሽ ሰው ድምፅ ምን ይለውጣል? ይህን ሰበብ ሞክሬዋለሁ፤ አልያዘልኝም። ዓይን ልሆናቸው ተቀምጬ ያየሁትን ደበቅኩባቸው።

ያን እሑድ በአዳራሹ የነበራችሁ፣ ወረቀቱ በጸሎት መጽሐፋችሁ መሐል ታጥፎ ከቀረ አምጡልኝ። ለእትዬ አስካለ ግን ቀድማችሁ አትንገሩ። ያን ረድፍ ሳልለውጠው በፊት እንደነበረው እኔው ላንብብላቸው። አጠገቤ ቁሙና፣ ቃል ብቀንስ አስቁሙኝ።