ላስቲክ የለበሰ ወንበር

ሻጩ ቡራዩ ካለው መደብራቸው አዲሱን አውቶሞቢል አውጥቶ «ነድተው ይሞክሩት» አለኝና አጠገቤ ተቀመጠ። ወንበሩን የሸፈነው ላስቲክ ከሥሬ ተንኮሻኮሸ። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ ብነዳም የላስቲኩ ሽታ አልወጣም።

ልጅ ሆኜ፣ ሱሉልታ፣ አጎቴ የአያቴን የገብስ ማሳ ሸጦ እንዲህ ያለ መኪና ገዝቶ ነበር። የወንበሮቹን ላስቲክ ግን ዓመት አልፎትም አላነሳውም። አያቴ ኦቦ ገመቹ ታመው ሐኪም ቤት ልንወስዳቸው ስንል፣ አጎቴ ላስቲኩ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ደረበበት።

«አባባ፣ ልብስዎ ጭቃ ነው» አላቸው።

አያቴ ጆንያው ላይ ተቀምጠው ወንበሩን በመዳፋቸው ዳበሱና «ማሳዬ እዚህ ውስጥ ነው የገባው?» አሉ። ትኩሳቱ የሚያስቀባጥራቸው መስሎኝ ነበር።

መንገድ ላይ አስመለሳቸው። አጎቴ አውርዶ አስፋልቱ ዳር አቆማቸውና መሐረቡን አወጣ። ወንበሩን ወለወለ፣ አሸተተ፣ ደግሞ ወለወለ። አያቴ ትውኪያው አገጫቸው ላይ እንዳለ በብርድ እየተንቀጠቀጡ ይጠብቁታል። በሹራቤ እጅጌ ጠረግኩላቸው።

ከሙከራው ወደ መደብሩ በር ስንመለስ መኪናውን አቆምኩና «ይሄ ላስቲክ መቼ ነው የሚነሳው?» አልኩት ሻጩን።

«ኧረ ገዝተውትም አያንሱት! ሰው ያቆሽሽብዎታል» አለኝ።

ቁልፉን ወንበሩ ላይ ጥዬ ወረድኩ። ዞር ብዬ ሳይ፣ ቁልፉን ገፋ አድርጎ የተቀመጥኩበትን እየወለወለ ነበር።